ከአያ ቢያዝን ጋር የተቋጠርኩበት እሑድ

ለመሆኑ አንድን ነገር ባስረዳችሁ ቁጥር ነገሩ የባሰበት ቀን ገጥሟችሁ ያውቃል? የተናገራችሁት ቃል ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱ እውነት አንድ ተጨማሪ ጉድጓድ የቆፈረላችሁ ቀን? እኔን ገጥሞኛል። ያውም በፍኖተ ሰላም መዳረሻ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ በሚመለስበት ሰዓት።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደ ነበርኩ ላስረዳ። (ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን ከአሁኑ ብታውቁት ለሁላችንም ይበጃል።) የቡሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እህል ነጋዴ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ፍኖተ ሰላም ተመደብኩና ጂኦግራፊ ማስተማር ጀመርኩ። የተማሪዎቹን ዴስክ በሲባጎ እየለካሁ አሰልፍ ነበር። ጠመኔዎቼን በቁመታቸው ቅደም ተከተል እደረድር ነበር። የተማሪዎቼ ወላጆች በዚህ ይስቁብኝ እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ከማስተምርባቸው መጻሕፍት አንዱ ውስጥ የአንድ የባሕር ማዶ ከተማ ሥዕል ነበር። በሰፊው ጎዳና መካከል ሐዲድ ተዘርግቷል፤ በሐዲዱ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ሰው ጭኖ ያልፋል፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ለእግረኛ ብቻ የተነጠፈ የድንጋይ መንገድ አለ። ሰዎቹ ወደ ኋላቸው ሳይገላመጡ ይሄዳሉ። እኔን የማረከኝ ይኸ ነው፤ አለመገላመጣቸው። ምክንያቱም ከክፍሌ መስኮት የማየው የጠጠር መንገድ ላይ የማይገላመጥ ሰው አልነበረም። በገበያ ቀን ከጅጋ በኩል የሚመጣው ሕዝብ፣ አህያውም በጉም፣ ከጭነት መኪና ጋር ያንኑ አንድ መንገድ ይሻማል። ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ቦይ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከእነ ቅቤ ቅሏ ስትወድቅ አየሁ። ቅሉ ተሰበረ፤ ሴትዮዋ ግን ተነሥታ መኪናውን ሳይሆን ቦዩን ስትረግም ሰማኋት።

ያን ዕለት ጠመኔዬን አስቀምጬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ግራዝማች ይርዳው ይባላሉ። ወፍራምና ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ማንንም እምቢ ብለው አያውቁም። ስለ እግረኛ መንገድ ጥቅም ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና ስጨርስ፣ “መልካም ነው መምህር፤ ለካና አምጣ” አሉኝ።

ይህ ንግግር በፍኖተ ሰላም “ቤትህ ግባ” ማለት እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን የቡሬ ልጅ ነበርኩ። ለካሁ።

ወሩ ግንቦት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መጥቶ ሄዷል፤ ማሳው ሁሉ ታርሶ ጠቁሯል። እሑድ ጠዋት በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ፣ የተጠረበ ችካልና ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ የተረፈ ኖራ ይዤ ወደ ጅጋ አቅጣጫ ወጣሁ። ከከተማው ውስጥ መጀመር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሥርዓት ባለው አሠራር ነገር የሚጀመረው ከመነሻው ነው፤ እግረኛው ደግሞ የሚነሣው ከገጠር ነው። አንዲት መንደር አጠገብ ደረስኩና ከቦዩ ወዲያ፣ በማሳዎቹ ጫፍ ላይ ችካል መትከል፣ ገመድ መዘርጋት፣ ኖራ መበተን ያዝኩ። ሥራው በጣም ያምር ነበር።

አጎንብሼ ችካል በድንጋይ ስመታ ከኋላዬ፣

“እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በእኛ በጎጃም የሚያስፈራው ስድብ አይደለም፤ እንዲህ ያለ የለዘበ ሰላምታ ነው። ቀና ስል ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ከበውኛል። ጋቢያቸው ነጭ፣ ፊታቸው ጥቁር። ሁለት ሦስቱ ጠመንጃ ይዘዋል።

“እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋላችሁ?” አልኩ።

“ምን ጠፍቶብህ ነው መሬት ለመሬት የምትፈልግ?” ያሉኝ ከፊት የቆሙት ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

“ኧረ ምንም አልጠፋኝ። እየለካሁ ነው።”

የከበበኝ ሰው በአንዴ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በዚያ ሰሞን በመንደሩ ሁሉ የሚወራው መሬት ሊለካ ነው የሚል ነበር። ገመዱ ቀላድ ይባላል፤ ቀላድ ያረፈበት ርስት ደግሞ ግብሩ ያድጋል፣ ወሰኑ ይናጋል፣ ከአያት የመጣው መሬት የማን እንደ ሆነ ይጠየቃል ተብሎ ይታመናል። የጎጃም ገበሬ ሚስቱን ቢሰድቡበት ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ቀላድ ቢጥሉበት ግን ወደ ጠመንጃው ነው የሚሄድ። እኔ ይኸን አልሰማሁም አልልም። ሰምቻለሁ። ብቻ የእኔ ገመድ ያንን ገመድ ይመስላል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም፤ የእኔው የትምህርት ቤት ገመድ ነበራ!

“ለማን ነው የምትለካ?” አሉ ሽማግሌው።

“ለሕዝቡ።”

“ሕዝቡ ማን ነው?”

“እናንተ ናችኋ።”

“እኛ ለካልን ብለን ልከንሃል?”

ማስረዳት እንደሚያስፈልግ ገባኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። “የእግረኛ መንገድ ነው። ሰው በእግሩ እንዲሄድበት የሚሠራ መንገድ።”

ጠመንጃ ከያዙት አንዱ፣ ፈንታሁን የሚባል ትከሻው ሰፊ ጎረምሳ፣ “እስከ ዛሬ ሰው በምኑ ይሄድ ኑሯል?” አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጥሩ ምልክት መስሎኝ።

“ይኸ ነጩስ?” አሉ ሽማግሌው ኖራውን በዱላቸው እየነኩ።

“እሱ መስመር ነው። ሰው ከዚህ መስመር እንዳይወጣ።”

ሳቁ ቆመ። “እንዳይወጣ?”

“ማለቴ ለደኅንነቱ...”

“ማን ላከህ?”

“ማዘጋጃ ቤቱ!” አልኩ በኩራት። ይህ ሁሉን የሚያበርድ መልስ መስሎኝ ነበር።

ፈንታሁን የጠመንጃውን ማንገቻ ከትከሻው አወረደ። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን በመካከላችን አጋደሙ።

“ተው ፈንታሁን። በሰንበት መሬት የቸከለ እሱ ነው፤ እኛ በዚያ ላይ አንጨምርም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ቢያዝን እባላለሁ። ይኸ ችካልህ የቆመው በአባቴ ርስት ጫፍ ላይ ነው። እኔ ከሳሽ፣ አንተ ተከሳሽ። አሁን ግራዝማች ዘንድ እንሄዳለን። ለካ ብዬዋለሁ ካሉ ነገሩ ከእርሳቸው ጋር ነው። አላልኩም ካሉ ግን አንተ በራስህ ፈቃድ ርስት የለካህ ሰው ነህ።”

“ያን ጊዜ ለእኔ ይተውልኝ” አለ ፈንታሁን።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ቆዳዬ በግራዝማች አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። እሳቸውን ያምናሉ፤ እኔን አያምኑኝም።

አያ ቢያዝን የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ወደ ለበስኩት ኮት ቀረቡ።

“ምን ሊያደርጉ ነው?”

“ልንቋጠር ነዋ። ቁራኛ አታውቅም?”

አውቃለሁ። በድሮው ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ አንዱ ከአንዱ ሳይለይ ዳኛ ዘንድ ይቀርባሉ። ይህ ልማድ ከቀረ መቆየቱን፣ ዛሬ በአገሪቱ ሌላ ሕግ መኖሩን በትሕትና አስረዳሁ።

“ያ ሕግ በመንገድ ካገኘን እንፈታዋለን፤ እስከዚያ ና” አሉኝና ጋቢያቸውን በኮቴ ቁልፍ ቀዳዳ አሳልፈው ድርብ አድርገው ቋጠሩት። ኮቴ ለምርቃቴ የተሰፋ ብቸኛ ኮቴ ነበር።

ጉዞ ጀመርን። ሕዝቡ ከኋላ ይከተላል። ከሕዝቡ ፊት የአያ ቢያዝን ባለቤት እመት የሺ አሉ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ምላሳቸው ከእግራቸው የሚፈጥን ሴት።

“አንቺ ደግሞ ወዴት?” አሏቸው ባላቸው።

“እናንተ ለፍርዱ ሂዱ፤ እኔ ለሳቁ ነው የመጣሁ።”

ከወዲያ የሚመጣ አንድ መንገደኛ እኛን አይቶ ቆመ። “ምንድን ናቸው?” አለ።

“ሙሽሮች ናቸው” አሉ እመት የሺ። “መርቅልን።”

መረቀን።

አያ ቢያዝን በጠጠሩ መንገድ መሄድ አልፈለጉም። “እሱ የመኪና ነው። በአባቶቻችን የእግር መንገድ እንሂድ” አሉ። ከቦዩ ወዲያ ማሳውን ተከትሎ የሚሄድ የቆየ የእግር መንገድ ነበር። እኔ ኖራዬን ስበትን አላየሁትም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቆሜበት ነበር። መጀመሪያ ላይ በባሕር ዛፎቹ ሥር ሰፊ ነው፤ ጎን ለጎን ሆነን እንደ ዘመድ ተራመድን። ጥቂት እንደ ሄድን ግን ጠበበ። ትንሽ ቆይቶም ለአንድ እግር ብቻ ሆነ። ሁለት የተቋጠረ ሰው በአንድ እግር መንገድ እንዴት ይሄዳል? እሳቸው በመንገዱ፣ እኔ በትልሙ ውስጥ። የታረሰው አፈር እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይውጠኛል። በተንገዳገድኩ ቁጥር ቋጠሮው እሳቸውንም ይስባቸዋል።

“ቀስ በል እንጂ! በሬ እንኳ በዚህ ትልም ይሄዳል።”

“አያ ቢያዝን፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?”

“እስኪ ጠይቅ።”

“ይህ መንገድ እዚያ በዛፎቹ ሥር ሰፊ ነበር። እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን ጠበበ?”

አያ ቢያዝን አሳላቸው። ረጅም ሳል ነበር። “ዝናብ ነው የበላው።”

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ነገር ለማሽሟጠጥ አልነበረም የጠየቅሁት። አስተማሪ ነኝ፤ የአፈር መሸርሸር በዚያው ሳምንት ያስተማርኩት ትምህርት ነበር። ስለዚህ፣ “ዝናብ አፈር ሲሸረሽር እየተጣመመ ነው የሚሄድ። ይህ ግን እንደ ፈር ቀጥ ያለ ነው” አልኳቸው።

ከኋላችን እመት የሺ፣ “ያን ዝናብ እኔ አውቀዋለሁ” አሉ። “አብሬው ነው የማድር።”

ሕዝቡ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። አያ ቢያዝን ወደ ኋላ ሊዞሩ ሞከሩ፤ ቋጠሮው አልፈቀደላቸውም።

“በዚህ መሄድ አይቻልም” አሉ ቆጣ ብለው። “ወደ ጠጠሩ እንውጣ።”

ወጣን። በጠጠሩ ላይ ጎን ለጎን መሄድ ይቻላል፤ ለንግግርም ይመቻል። ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና፣ “ለመሆኑ ይኸን የእግር መንገድ ነገር ከየት አመጣኸው?” ብለው ጠየቁኝ። ቁጣቸው ቀዝቅዞ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ መቋጠሬን እረሳለሁ። የመጽሐፉን ሥዕል በዝርዝር ነገርኳቸው፤ ጎዳናውን፣ ሐዲዱን፣ የኤሌክትሪኩን ባቡር።

“ሐዲድ ማለት?”

“ሁለት ብረት ነው፤ መሬት ላይ ጎን ለጎን የተዘረጋ። ባቡሩ በእሱ ላይ ብቻ ይሄዳል።”

“ከብረቱ አይወጣም?”

“አይወጣም።”

“ቢቆጣም?”

“ቢቆጣም።”

“ነጂው ጠላ ቢጠጣስ?”

“ቢጠጣም አይወጣም።”

አያ ቢያዝን ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። “እንዲህ ያለ ጨዋ መኪና እያለ” አሉ፣ “እኛን የሚያባርረንን ነው ያመጣችሁብን? ወሰኑን የሚያውቅ ፍጥረት! ከሰው እንኳ ስንቱ ነው ወሰኑን የሚያውቅ?”

“የማያውቀውን አንዱንስ እኔ አውቀዋለሁ” አሉ እመት የሺ ከኋላ።

ይህን እየተባባልን ሳለ ነው ከመታጠፊያው ወዲያ ጥሩምባው የተሰማው።

ከባድ የጭነት መኪና ነው። ከጅጋ በኩል ቁልቁለቱን ይዞ መጣ፤ አቧራው ከኋላው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተበተነ። አያ ቢያዝን ወደ ቀኝ ዘለሉ። እኔ ወደ ግራ ዘለልኩ።

ቋጠሮው ድርብ እንደ ነበር ነግሬያችኋለሁ።

ሁለታችንም ተመልሰን መካከል ላይ ተገናኘን። “ወዲህ!” አሉኝ። “ወዲህ!” አልኳቸው። እሳቸው ሽማግሌ ስለ ሆኑ እንደምከተላቸው ያውቃሉ፤ እኔ ደግሞ የእኔ ወገን እንደሚቀርብ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ማስረዳት ጀምሬ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን አልለቀቀም፤ ፍሬኑንም አልነካ። የመኪናው አፍንጫ ሲተልቅ፣ መብራቱ ላይ የደረቀው ጭቃ ሳይቀር ሲታየኝ ትዝ ይለኛል። አያ ቢያዝን ዓይናቸውን ጨፍነው “በስመ አብ” ማለት ጀምረዋል፤ እጃቸው ቋጠሮውን ይጎተጉታል፤ ቋጠሮው በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ሁለት መዳፎች ወገቤን መቱኝ። እመት የሺ ናቸው። እኔን ገፍተው በባላቸው ላይ ጣሉኝ፣ ባላቸውን ከእኔ ጋር ቦይ ውስጥ ጣሉ፣ ራሳቸውም ከላይ ወደቁ። መኪናው አለፈ። ጠጠሩ በላያችን እንደ በረዶ ዘነበ።

ቦዩ ውስጥ የግንቦት ውኃ ነበር፤ ነጩ ጋቢ ነጭነቱ ቀርቷል፤ የኮቴ የቁልፍ ቀዳዳ ተተርትሮ የመስኮት ያህል ሆኗል። ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው።

አያ ቢያዝን ጭቃውን ከጢማቸው ጠረጉ። ባለቤታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ማሳውን አዩ።

“ልጄ” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ያ መስመርህ... ከቦዩ ወዲያ ነበር?”

“አዎን። ከቦዩ ወዲያ።”

“የእግር መንገዱ በነበረበት?”

“እኔ አላወቅሁም እንጂ፣ አዎን፣ በዚያው ነው።”

ከዚያ በኋላ እስከ ከተማ ዓይናቸውን ከማሳዎቹ ጫፍ ሳይነቅሉ ሄዱ። ይኸ ከቁጣቸው ይልቅ አስፈራኝ። ከኋላዬ የፈንታሁን ጠመንጃ አፈሙዝ ከጋቢው ሥር ብቅ ጥልቅ ይላል።

ግራዝማች ይርዳውን ያገኘናቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው። ጭቃ የለበሱ ሁለት የተቋጠሩ ሰዎች፣ ከኋላቸው የተቆጣ ሕዝብና ጠመንጃ ሲያዩ የጠላ ዋንጫቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

አያ ቢያዝን እጅ ነሱ። “ግራዝማች፣ ይኸ ልጅ በርስቴ ላይ ችካል ተክሎ፣ ገመድ ዘርግቶ አገኘነው። ማዘጋጃ ቤቱ ልኮኝ ነው ይላል። ልከውታል?”

እኔ ግራዝማችን በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ሕዝቡን አዩ። ጠመንጃውን አዩ። ሰማዩን አዩ።

“እኔ?” አሉ። “ኧረ እኔ ምን በወጣኝ! መምህር ገና ልጅ ነው፤ መጽሐፍ ያበዛል፤ ፀሐዩም ያው ግንቦት ነው...”

“ለካና አምጣ ብለውኛል!” አልኩ።

“እሱማ ለሁሉ ሰው እላለሁ” አሉ ግራዝማች በየዋህነት። “ማን ለክቶ ያውቃል?”

ይህን ሲሰማ ፈንታሁን ከሕዝቡ ወጣ ብሎ ቆመ። “በቃ! አልላክሁም ብለዋል። አያ ቢያዝን፣ ይፍቱልንና ይስጡን። ቃላችን እንዲህ ነበር።”

እውነት ነው፤ ቃሉ እንዲህ ነበር። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ነገር አጣሁ። አያ ቢያዝን እጃቸውን ወደ ቋጠሮው ሰደዱ። ጣታቸው በእርጥቡ ጨርቅ ላይ ጥቂት ዳበሰ፤ ከዚያ ጨብጦት ቀረ።

“አልፈታም” አሉ።

“ምን?”

“አልፈታም። ዋሱ እኔ ነኝ።”

ማኅበሩ ሁሉ አጉረመረመ። ግራዝማችም ሳይቀሩ፣ “አያ ቢያዝን፣ ከሳሽ የተከሳሹ ዋስ ይሆናል እንዴ?” አሉ።

“ከሳሹ የባሰ ተከሳሽ ካገኘ ይሆናል።” ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ እኔም አብሬ ዞርኩ። “ይኸ ልጅ የለካው ርስት አይደለም። አባቶቻችን ለእግር የተዉትን መንገድ ነው። መንገዱን ርስት ያደረግሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ አንድ ፈር ነበር የምጨምር። በሬው ሳተ እላለሁ፤ ሞፈሩ ተጣመመ እላለሁ። ብቻዬን ስሄድበት ይበቃኝ ነበር፤ ዛሬ ከሰው ጋር ተቋጥሬ ብሄድበት አልበቃኝ አለ። ከመንገዱ ገፍቶኝ መኪናው ፊት ጣለኝ። የገፋኝ የገዛ ፈሬ ነው።”

“ዝናቡ አባራ!” አሉ እመት የሺ። የሚስቁ መሰላቸው ሰዎቹ፤ እኔ ግን ቅርብ ስለ ነበርኩ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አየሁ።

“ይኸ የእርስዎ ነገር ነው” አለ ፈንታሁን፣ ድምፁ እንደ በፊቱ ባይሆንም። “የእኛ ርስት ምን አገባው?”

አያ ቢያዝን በትዕግሥት አዩት። “ፈንታሁን፣ ከእኔ ማሳ ቀጥሎ የማን ማሳ ነው?”

ፈንታሁን መሬት መሬቱን አየ።

“የእኔ ጋ መንገዱ ለአንድ እግር ይበቃል። ያንተ ጋ ሲደርስ ለቁራም አይበቃ። እኛ ሽማግሎች ስንበላ እናኝካለን፤ አንተ ዋጥከው!”

ሳቁ የጀመረው ከሰንበቴው ነው፤ ከዚያ ሕዝቡ ጋ ደረሰ። መሬት መሬቱን የሚያየው ግን ፈንታሁን ብቻ አልነበረም። ማሳው በዚያ መንገድ የሚዋሰን ሰው ሁሉ የጋቢውን ጠርዝ ይመረምር ጀመር። ፈንታሁን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መልሶ አነገተ።

ነገሩ መብረዱን ሲያዩ ግራዝማች ነፍስ ዘሩ። “እንግዲህ እርቅ ነው! መልካም ነው! መምህርንም እኮ እኔ...”

“እርስዎን ገና አልጨረስንም” አሏቸው አያ ቢያዝን። “በውጭ አገር በብረት ላይ የሚሄድ፣ ከመሥመሩ የማይወጣ ጨዋ መኪና አለ አሉ። ይኸን የሚያባርረንን አንሡና እሱን አምጡልን።”

ግራዝማች ወደ እኔ አዩ፤ ከልማዳቸው የተነሣ “ለካ...” ካሉ በኋላ አፋቸውን በዋንጫው ሸፈኑ።

ቋጠሮውን በመጨረሻ የፈቱት እመት የሺ ናቸው፤ በጥርሳቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት አያ ቢያዝን በሬዎቻቸውን ጠምደው ወደ ውስጥ ገብተው አዲስ የወሰን ፈር አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ትልም በእግራቸው ረገጡት። ጎረቤቶቻቸውም ተከተሉ፤ ሁሉም አይደሉም። ፈንታሁን ከሁሉ በኋላ፣ ከሁሉ ጥቂት መለሰ፤ ቢሆንም መለሰ። የእኔ ኖራ በቀጣዩ ዝናብ ታጠበ። ችካሎቼን እመት የሺ አነደዷቸው። መንገዱ እኔ ከሣልሁት ጋር አይገናኝም፤ አንድ ዛፍ አጠገብ ያለ ምንም ምክንያት ይታጠፋል፤ በአንዱ ቦታ ይሰፋል፣ በሌላው ይጠብባል። ሥርዓት ወዳድ ሰው ስለ ሆንኩ ይኸ መታጠፍ ዛሬም ቅር ይለኛል። ነገር ግን በገበያ ቀን ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ወደ ኋላቸው ሳይገላመጡ ሲሄዱበት አያለሁ።

እኔን የለወጠኝ ምን እንደ ሆነ ብትጠይቁኝ ይህ ነው። ከዚያ በፊት መንገድ ማለት ስፋትና ርዝመት ነበር፤ ከተማም ሲያድግ በመስመር የሚያድግ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከተሞቻችን ሲሰፉ፣ መኪናው ሲበዛ፣ ምናልባትም አንድ ቀን ያ የብረት መንገድ በእውነት ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ሰው እየተጫወተ ጎን ለጎን ይሄድበታል ወይ? ይህን ደግሞ ገመድ አይነግራችሁም። ብቻችሁን ስትሄዱም አይገባችሁም፤ ለብቻ የሚሄድ ሰው በማንኛውም ቀጭን ነገር ላይ ማለፍ ይችላል። የሚገባችሁ ከሌላ ሰው ጋር ተቋጥራችሁ ስትሄዱ ነው፤ በተለይ ሰውዬው በእናንተ ላይ ቅሬታ ያለው ከሆነ።

ስለዚህ እባካችሁ ሞክሩት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የጋቢያችሁን ወይም የነጠላችሁን ጫፍ ከጎረቤታችሁ ልብስ ጋር ቋጥሩና ከቤታችሁ እስከ ገበያው በእግር ሂዱ። ሰው ይስቅባችኋል፤ ይሣቅ። ጎን ለጎን መሄድ ያቃታችሁ ቦታ ስትደርሱ ቆም በሉና የማን አጥር፣ የማን ፈር፣ የማን ሱቅ ደጃፍ ወደ መንገዱ እንደ ገባ ተመልከቱ። የራሳችሁ ሆኖ ቢገኝ አትደንግጡ። ጎረቤታችሁ ከጎናችሁ ነው፤ ቋጠሮው እስኪፈታ ድረስም ማሰቢያ ጊዜ አላችሁ።